ፊልምና ግጥም በአንድ ራኩባ ሥር

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ራኩባ ሥር የተከፈተችውን ዐውደ ርእይ ያላየ የሰፈራችን ሰው ጥቂት ነው፤ ያላያትም ቢኖር ሰምቶባታል፤ የሰማም ተከራክሮባታል። ወጣቶቻችን የዘይት ካርቶን ፈትተው፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታንና የሰሎሞን ዴሬሳን ግጥሞች ከስልክ ላይ በከሰልና በእስክሪብቶ ገልብጠው በሣሩ ግድግዳ ዙሪያ ሰቀሉ። በመካከሉ ነጭ አንሶላ ወጥረው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን ፊልም አሳዩ። በትልልቅ ከተሞች ቢሆን ኖሮ ለእንዲህ ያለው ዝግጅት ሰው የሚጠራው በታተመ ካርድ ነው፤ አዳራሽም ይከራዩለታል። የእኛ መጥሪያ ከሱቁ እስከ ውኃ ቦኖው እየሮጠ የለፈፈ አንድ ልጅ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቦኖው ዘንድ ሰልፍ የያዘው ሰው በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ቤት የማይመታ ግጥም፣ መነሻና መድረሻው የማይያዝ ፊልም ለስደተኛ ምን ይረባዋል? ሆድ የባሰው ሰው እንቆቅልሽ አይፈልግም» አለ። ሁለተኛው ወገን «ያልገባችሁ ስላልተማራችሁ ነው» ብሎ መለሰ። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። የመጀመሪያው ስደተኛን ሆድ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ኪነ ጥበብን የተማረ ሰው ርስት ያደርገዋል። ብዕር ያነሣነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ ብለን ስለምናምን ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልንበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

በመጀመሪያ ስለ ግጥሞቹ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ በብራና ላይ የሚጽፉና የሚስሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ ተመልካቹ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም፤ ሥዕል ማለት የቅዱስ፣ የንጉሥ ወይም የጦርነት መልክ ነው ብሎ ለለመደ ዓይን፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻቸውን ቆመው መናገራቸው እንግዳ ነበርና። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ጥሎ በኬንያ በኩል ወጣ፤ ጀርመን ደረሰ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1981 በኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን በምትባል ከተማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። በ2008 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጀርመን አገር የቀሩ ሥዕሎቹም ተመለሱ። ሥዕሎቹ አገራቸው ገቡ፤ እሱ ግን አልገባም።

«ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን እዚህ ሰፈር ውስጥ በቃሉ የማይወጣ ወጣት ብዙ አይደለም። ታዲያ ይህን ግጥም የሚወዱት ሰዎች ያንኑ ሰው በሌላው ካርቶን ላይ ሲያገኙት ለምን ፊታቸውን አዞሩ? መልሱ ከቅርጹ ላይ ይገኛል። ብዙዎቻችን ያደግነው በወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ቤት መምታት። ጆሮአችን ይህን እንደ ልብ ምት ለምዶታል። ገብረ ክርስቶስ ግን መስመሩን እንደ ሐሳቡ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል። አንድ ቃል ብቻውን መስመር ላይ ሲያቆም፣ በሰፊ ሸራ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ እንዳኖረ ሠዓሊ ነው፤ ነጥቡን የምናየው በዙሪያው ባለው ባዶነት ምክንያት ነው። ሠዓሊነቱን ረስቶ ግጥሙን የሚያነብ ሰው ግማሹን ይስተዋል።

ሰሎሞን ዴሬሳ ደግሞ በ1937 ወለጋ፣ ጩታ ተወለደ። «ልጅነት» የተባለው መጽሐፉ በ1963 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አከራከረ። ሁለተኛው መጽሐፉ «ዘበት እልፊቱ ወለሎታት» ለመታተም እስከ 1991 ዓ.ም. ቆየ፤ እሱም በ2017 በአሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ዐረፈ። የሰሎሞን ግጥም ታሪክ አይነግረንም፤ ምክርም አይሰጠንም። ቃልን ከለመደው ጎረቤቱ ነጥሎ ከማያውቀው ቃል ጋር ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚወጣውን ብልጭታ እንድናይ ይተወናል። ኦሮምኛ እየሰማ ያደገ ልጅ አማርኛን ከውጭም ከውስጥም ስላየው፣ እኛ ሳናየው የምናልፈውን የቃል ጠርዝ ያያል። እዚህ ላይ ግን ሂሳችንን አንሸሽግም፤ ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ከራሱ ጋር ብቻ ሲጫወት አንባቢው ደጅ ይቀራል። ከተሰቀሉት ካርቶኖች በሁለቱ ላይ ይህን አይተናል። ደጅ የቀረ አንባቢ ሁሉ ግን ጥፋተኛው ገጣሚው ነው ማለት አይደለም፤ ሳያንኳኳ የተመለሰም አለና።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ግጥም ግልጽ ነበር» ለሚሉት ወገኖቻችን አንድ ጥያቄ አለን። የቅኔ ተማሪ ጎጆው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር የሚያድረው ምንድን ነው? ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ሊቃውንትን አላከራከረችምን? ደግሞም ቅኔ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም አይወድም፤ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ማምጣት አለበት፤ የሰውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ያቀረበ ያፍራል። አዲስነትንና ጥልቀትን አጥብቆ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከአውሮፓ ሳይመጣልን በፊት ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ነበረን። እኛ ተከዜ የምንለው ወንዝ እዚህ ሲደርስ ሰቲት ይባላል። ስሙ ተለወጠ፤ ዳርቻው ተለወጠ፤ ውኃው ግን ከላስታ የመጣው ያው ውኃ ነው። የአዲሱን ግጥም ነገር በዚህ እንመስለዋለን።

ወደ ፊልሙ እንለፍ። ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ ራሳቸው ጸሐፊ ነበሩ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማር በ1974 ለዕረፍት ወደ አገሩ ተመልሶ ይህን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀረጸው። ጊዜው አሮጌው ሥርዓት ሊወድቅ ያዘመመበት ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ የተነሣ፣ 150 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በሙያ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች የተሠራ። በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸልሟል። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ ባለርስት፣ ለእሱ የሚያርስ አንድ ቤተሰብ፣ መሬቱን የተነጠቀና ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ የተባለ ሰው።

ችግሩ ግን ነገሩ አይደለም፤ አነጋገሩ ነው። ካሜራው ማረሻ ሲጎተት ይቆማል፤ ይቆያል፤ ደግሞ ይቆያል። ከፊታችን የተቀመጡ ጎልማሶች «ምነው አያልቅም እንዴ!» ብለው ሲስቁ ሰምተናል። በዚያው ቅጽበት ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ለራሳቸው በዝግታ ሲናገሩ ሰማን፦ «የቀኙ በሬ ደክሟል፤ ለምን አይፈቱትም?» እኒህ እናት ማንበብ አይችሉም። ፊልሙን ግን እሳቸው አነበቡት። ካሜራው ፈጥኖ ቢያልፍ ኖሮ በሬ አየን እንል ነበር፤ የደከመውን በሬ ግን አናየውም ነበር። ርዝመቱ የተሠራው ለእሳቸው ዓይን ነበር ማለት ነው። «ይህ ለተማረ ሰው ነው» ያልነው ሁሉ ከዚህ በኋላ ማፈር ይገባናል።

ልጅቱ ከብት ስትጠብቅ በወንዝ ሙላት የምትወሰድበት ክፍል ሲመጣ ራኩባው ጸጥ አለ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ስለ ወንዝ የሚነግሩት ነገር የለም። ቤተሰቡ እንደ በሬ ተጠምዶ ሲታረስበት የሚታየው ሕልም ደግሞ በእኛ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ስንኝ ነው። እዚያ ላይ ማንም «ጭቆና» አላለም፤ ማንም አልሰበከም። ሰው ቀንበር ሥር ታየ፤ አበቃ። ሰሙ ሕልም ነው፣ ወርቁ ኑሮ ነው። ከግድግዳው ግጥሞች ጋር የተገናኘውም እዚህ ነው፤ ሁለቱም አያስረዱም፣ ያሳያሉ፤ ማስረዳቱን ለእኛ ይተዉልናል።

ፊልሙም ጉድለት የለበትም አንልም። ባለርስቱ በአንድ ቀለም ብቻ ተስሏል፤ ከተሳደበበት ወንበሩ ተነሥቶ ሰው ሆኖ አናየውም። ከበበም አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ የነገረንን በቃል ይደግምልናል። በመጀመሪያው ላይ ያመነን ደራሲ በኋላ ያላመነን ይመስላል። ይህ ለእኛም ለጸሐፊዎቹ ትምህርት ነው፤ አንባቢን ካመኑ እስከ መጨረሻው ማመን ነው።

ፊልምና ግጥም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ይፈጠራል? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሡ ነበሩ። ማያ ዴረን የተባለች የፊልም ሠሪ በ1917 ኪየቭ ተወልዳ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደች ነበረች። በ1953 ኒውዮርክ ላይ ገጣሚዎችና ፊልም ሠሪዎች በጉዳዩ ሲወያዩ፣ ድራማ አግድም ይሄዳል፣ ግጥም ግን ቁልቁል ይወርዳል የሚል ሐሳብ አቀረበች። ድራማ «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ይላል፤ ግጥም በአንድ ቅጽበት ላይ ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይቆፍራል። በዚያ ስብሰባ ላይም ያላገጡባት አልጠፉም። እኛ ግን በዚህ ደረቅ አገር ውኃ የሚገኘው አግድም በመሮጥ ሳይሆን ቁልቁል በመቆፈር እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ሐሳቧ ሩቅ አይሆንብንም። ኃይሌም ራሱ ወደ ግጥም መመለሱ በአጋጣሚ አይመስለንም፤ በ1985 የሠራው ዘጋቢ ፊልም ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ስለ ስተርሊንግ ብራውን ነው።

አሁን ስለ ዐውደ ርእይዋ አዘጋጆች። ትጋታቸውን እናደንቃለን፤ ጉድለታቸውንም እንነግራቸዋለን። አንደኛ፣ ካርቶኖቹ ከፍ ብለው ተሰቅለው፣ ጽሑፉም ደቅቆ፣ ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ ጨለማ ሆነና ግጥሙና ፊልሙ ሳይተዋወቁ ተለያዩ። በመሐል ፊልሙን አቁሞ አንድ ግጥም በጥሩ ድምፅ ማንበብ ይቻል ነበር። ማንበብ የማይችለውም ሰው ያን ጊዜ ድርሻውን ያገኝ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። በግድግዳውም በአንሶላውም ላይ የሴት ሥራ አልነበረም። ሰፈራችን የቆመው በማን ትከሻ እንደሆነ ለማወቅ የውኃውን ሰልፍ ማየት ይበቃል። ሥራውም ስለሌለ አይደለም። ሳሌም መኩሪያ በ1991 «ስደት» የተባለ ፊልም ሠርታለች፤ ነገሩም እዚሁ ሱዳን ውስጥ በስደት የሚኖሩ የሦስት ሴቶች ሕይወት ነው። ይኸው ፊልም ሠሪ በ2003 በጣሊያን በቬኒስ ቢየናሌ በአፍሪካ ሥነ ጥበብ ላይ ባተኮረ ዐውደ ርእይ ውስጥ ሦስት ምስሎች ጎን ለጎን የሚሄዱበት የቪዲዮ ሥራ አቀረበች። በቤተ ክርስቲያን ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ፊት ያደገ ሰው ይህን ቅርጽ ለማንበብ አይቸገርም፤ መሐሉን ሲያይ ግራና ቀኙን አይረሳም። ታሪካችንም በአንድ አፍ የማይነገር ስለሆነ ቅርጹ ከይዘቱ ጋር ገጥሟል። ከበደች ተክለአብም አለች፤ ሠዓሊም ገጣሚም ናት፤ ከአገሯ ስትሸሽ ሶማሊያ ውስጥ ተይዛ አሥር ዓመት ያህል በእስር ኖራለች። እኛን የሚመለከት ሥራ ቬኒስና ዋሽንግተን ታይቶ እዚህ አለመድረሱ ያስቆጫል፤ እኛም ሳንጠይቅ መቅረታችን ይበልጥ ያስቆጫል።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችን የአንድም ሰው ግጥም አልተሰቀለም። አዘጋጆቹ «ከእነዚህ አጠገብ ማን ደፍሮ ይሰቅላል?» አሉን። እዚህ ላይ የአንድ ሰው ነገር እንንገራችሁ። ዮናስ ሜካስ የሊቱዌኒያ ገበሬ ልጅ ነበር። በ1944 ከወንድሙ ጋር ሲሸሽ ተይዞ ጀርመን ውስጥ በግዳጅ ሥራ ካምፕ ታሰረ፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም እስከ 1949 በስደተኛ ካምፖች ኖረ። ካምፕ ውስጥ ሆኖ ስለ ትውልድ መንደሩ ግጥም ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1948 እዚያው ስደት ላይ ወጣ። ኒውዮርክ እንደገባ ብዙ ሳይቆይ ተበድሮ ትንሽ ካሜራ ገዛ፤ እንግሊዝኛው ገና ስላልፈታለት በምስል ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። በ2019 በ96 ዓመቱ ሲሞት የአሜሪካ የሙከራ ፊልም አባት ይባል ነበር። ግጥሙን ግን በእናቱ ቋንቋ መጻፉን አልተወም። ይህን የነገርናችሁ ሁላችንም ዝነኛ እንሆናለን ለማለት አይደለም። የካምፕ ወረቀት ወረቀት አይደለም ለሚለው ሰው መልስ እንዲሆን ነው።

ደፍረው ያልሰቀሉበትን ሌላውን ምክንያት ግን እናውቀዋለን። በዚህች ወረቀት የሚወጡት ግጥሞቻችን እርስ በርሳቸው እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። «አገር» ከ«ነገር» ጋር ቤት ይመታል፤ «ስደት» ከ«ፍቅደት» ጋር ይታገላል፤ እንባው በየአራት መስመሩ ይፈሳል። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ ቃሉ ግን የተዋሰ ነው። የእኛ የራሳችን የሆነው ነገር፣ የራሽን ካርዱ ጫፍ በላብ የሚላላው፣ ዱራ ሲፈጭ የሚሰማው ድምፅ፣ አባት ልጁን በቁጥር ሲጠራ የሰማንበት የምዝገባ ቀን፣ ይህ ሁሉ በማንም ግጥም ውስጥ የለም። ካሜራው በሬው ላይ እንደቆየ እኛ በገዛ ኑሮአችን ላይ አልቆየንም።

ሂስ የጀመረ ግለ ሂስ መጨረስ አለበትና የራሳችንንም እንናገር። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አማርኛ ስናስተምር አንድ ተማሪ ግጥም ጽፎ አመጣ። እናቱ ከሞተች በኋላ በማጀቱ ውስጥ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ሌላ ነገር የለውም፤ ቤትም አይመታም። በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ግጥም አይደለም፤ ዝርዝር ነው» ብለን ጻፍንበትና ከ10 ሦስት ሰጠነው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ሌላ ግጥም አላሳየንም። ነገ አስተማሪ የሚሆን ሰው ነበርና፣ በእሱ በኩል ስንቱን ልጅ እንደዘጋን ስናስብ ዛሬም ያንገበግበናል። ባለፈው ሳምንት በዚያ አንሶላ ፊት ተቀምጠን ትዝ ያለን እሱ ነው። የሞተች እናት ድስትና ማሰሮ ለምን ቤት ይመታል? ቤቱ ፈርሶ የለምን?

ስለዚህ ሐሳብ እናቀርባለን። ዐውደ ርእይዋ አትፍረስ፤ ካርቶኖቹ ዝቅ ብለው እንደገና ይሰቀሉ፤ በጎናቸው ባዶ ካርቶን ይሰቀል፤ መጻፍ የሚችል ይጻፍበት፤ መጻፍ የማይችል እየተናገረ ይጻፍለት። ቤት መምታት የፈለገ ይምታ፤ ወል ቤትን አንጠላም፤ በእሱ ያደግን ነንና። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጻፉት ነገር በዓይን የታየ ይሁን። የቀኙን በሬ ድካም ያዩት እናት ፈቃዳቸው ከሆነ የመጀመሪያው ካርቶን የእሳቸው ይሁን ብለን እንጠይቃለን።

በዚህ ሂስ የማይስማማ ሰው ካለ ተቃውሞውን በሚቀጥለው ወረቀት ያውጣ፤ ቦታ እንለቃለን። የተጻፈችው በአንድ ቅጂ ነውና አንብባችሁ ስትጨርሱ ከዝናብና ከምድጃ ጠብቃችሁ ለጎረቤት አስተላልፉ።